በየ28 ቀኑ ሐሙስ

በደመና ውስጥ የሚበር አብራሪ በመስኮት የሚያየው ነገር የለም። ከሳተላይት የሚመጣው ምልክት አውሮፕላኑ ያለበትን ቦታ በጥቂት ሜትሮች ልዩነት ይነግረዋል። ማኮብኮቢያው የት እንደሚጀምር፣ ተራራው ምን ያህል ከፍ እንደሚል፣ መታጠፊያው ነጥብ የትኛው እንደሆነ ግን ሳተላይቱ አያውቅም። ይህን የሚያውቀው በአውሮፕላኑ ኮምፒውተር ላይ የተጫነው የአሰሳ መረጃ ቋት ነው፤ እሱም በመላው ዓለም በየ28 ቀኑ ይታደሳል። ስለ ሳተላይቶቹ ብዙ ተጽፏል፤ ስለዚህ እድሳት ግን ከሙያው ሰዎች ውጭ የሚያነሳው ጥቂት ነው። የእድሳቱን ታሪክ ከመነሻው የተከተለ ሰው አንድ ነገር ደጋግሞ ያገኛል፦ መረጃ አዲስ በመሆኑ ብቻ ሰው አያድንም። የሚያድነው ወረቀቱ፣ ኮምፒውተሩ፣ የምድር ተቆጣጣሪውና አብራሪው በአንድ ቀን አንድ ዓይነት ነገር ሲያውቁ ነው። አቪዬሽን ይህን የተማረው በሰው ሕይወት ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ የሚጀምረው ከኮምፒውተር በፊት፣ በአንዲት የኪስ ደብተር ነው። በ1930ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ የፖስታ አብራሪዎች ከሶልት ሌክ ሲቲ ወደ ቼየን በሚወስደው ተራራማ መስመር ላይ በሌሊትና በበረዶ ይበሩ ነበር። የሚመሩት በመኪና መንገድ ካርታ፣ በባቡር ሐዲድና በማስታወሻቸው ነበር፤ ብዙዎቹም በዚያው ቀሩ። ከመካከላቸው ኤልሪ ጄፕሰን የተባለ ወጣት አብራሪ በአሥር ሳንቲም ደብተር ገዝቶ የሚያርፍባቸውን ሜዳዎች ርዝመትና ተዳፋት፣ የመብራቶቹን አቀማመጥ፣ በአቅራቢያው ያሉትን መሰናክሎች፣ የአየሩን ጠባይ ሊነግሩት የሚችሉ ገበሬዎችን ስልክ ቁጥር ሳይቀር መመዝገብ ጀመረ። በእረፍት ቀኑ ከፍታ መለኪያ ይዞ ኮረብታና ጭስ ማውጫ ላይ እየወጣ ቁመታቸውን ይለካ ነበር። ባልደረቦቹ ቅጂ እየጠየቁ ሲያስቸግሩት በ1934 እያባዛ በአሥር ዶላር ይሸጥ ጀመር። ጄፕሰን ያገኘው ትልቁ ነገር ግን ካርታው አልነበረም። የተሸጠ ደብተር በሚቀጥለው ወር ሐሰተኛ ሊሆን እንደሚችል ቶሎ ስለገባው፣ ገጾቹ እየወጡ በአዲስ የሚተኩ እንዲሆኑ አደረገ። ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት አብራሪዎች አሮጌ ገጽ እያወጡ አዲስ ገጽ ሲያስገቡ ኖረዋል፤ አድካሚ ሥራ ነበር፤ አንድ ገጽ ቢዘለል የሚያስታውስ ማሽን አልነበረም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ይህ የአንድ ሰው ትጋት የመንግሥታት ግዴታ ሆነ። በ1944 በቺካጎ የተፈረመው ስምምነት ዓለም አቀፉን የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ ኢካኦን ወለደ። በ1953 የጸደቀው 15ኛው አባሪ ደግሞ እያንዳንዱ አገር ስለ ሰማዩና ስለ ማረፊያዎቹ የሚያወጣውን መረጃ ሥርዓት አስያዘለት። ችግሩ ግን አገሮቹ ለውጥ የሚያውጁት በፈለጉት ቀን መሆኑ ነበር። አንዱ ማክሰኞ አብራሪዎችን የሚመራ የሬዲዮ ጣቢያ ያዛውራል፤ ጎረቤቱ ዓርብ የበረራ መስመር ይሰርዛል፤ ፖስታው ደግሞ ከሁለቱም በኋላ ይደርሳል። በ1964 ኢካኦ አይራክ የተባለውን ሥርዓት አመጣ። ለበረራ ወሳኝ የሆነ ለውጥ ሁሉ በየ28 ቀኑ በሚውል አንድ የተወሰነ ሐሙስ ብቻ ተፈጻሚ ይሁን፤ ማስታወቂያውም ከ42 ቀን በፊት ይላክ፤ ቢያንስ 28 ቀን ቀድሞም ተቀባዩ እጅ ይግባ የሚል ነው። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት በባሕረ ሐሳብ ቀምረው የጾሙን መግቢያ አስቀድመው የሚያውጁት አንዱ ደብር ሲጾም ሌላው እንዳይፈስክ ነው፤ የአይራክም ሐሳብ ከዚህ አይለይም። ለውጡ በዓለም አቀፉ ሰዓት እኩለ ሌሊት ላይ ሲገባ አዲስ አበባ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። አንድ ዓመት 13 ዙር ይይዛል፤ 13 ወር ለለመደ አንባቢ ቁጥሩ እንግዳ አይሆንበትም። የዙሮቹ ድምር 364 ቀን ብቻ በመሆኑ ግን ትርፉ እየተጠራቀመ አልፎ አልፎ 14ኛ ዙር ያመጣል፤ በ2020 የመጨረሻው ዙር የገባው ታኅሣሥ 31 ቀን ነበር።

በ1970ዎቹ ኮምፒውተር ወደ ኮክፒት ሲገባ ወረቀቱን ለማሽን የሚተረጉም ቋንቋ አስፈለገ። አየር መንገዶችና አምራቾች በ1975 ተስማምተው አሪንክ 424 የተባለውን ደንብ አወጡ። እያንዳንዱ የሬዲዮ ጣቢያ፣ ነጥብና መስመር በ132 ፊደልና አኃዝ ርዝመት በአንድ መስመር ይጻፋል፤ የትኛው ቦታ ላይ የትኛው አኃዝ እንደሚውል ተወስኗል። መጀመሪያ ላይ በቋቱ ውስጥ የገቡት በዋናነት የረጅም ጉዞ መስመሮችና ነጥቦች ነበሩ። አብራሪው በደመና ውስጥ ወደ ማኮብኮቢያ የሚወርድበት ዝርዝር ሥርዓት በኮድ መጻፍ የጀመረው በ1980ዎቹ መግቢያ ነው። ሰው ለሰው የጻፈውን መመሪያ ለማሽን መጻፍ ከባድ ነው። «ኮረብታውን ካለፍክ በኋላ ወደ ቀኝ ታጠፍ» የሚለውን አብራሪ ይረዳዋል፤ ማሽን ግን የትኛው ነጥብ፣ በስንት ከፍታ፣ በየትኛው የመታጠፊያ ዓይነት የሚለውን ሁሉ ይጠይቃል። በዚህ ትርጉም ውስጥ ወረቀቱና ኮምፒውተሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች የሚናገሩበት ክፍተት ተፈጠረ።

የዚህን ክፍተት ዋጋ መጀመሪያ በግልጽ ያሳየው በኅዳር 1979 የደረሰው የኤሬቡስ አደጋ ነው። የኤር ኒው ዚላንድ ዲሲ-10 ጎብኚዎችን ይዞ ከኦክላንድ ወደ አንታርክቲካ ሄዶ የሚመለስ በረራ ነበረው። አየር መንገዱ የበረራ ዕቅዱን በ1978 ወደ ምድር ኮምፒውተሩ ሲያስገባ የመጨረሻው ነጥብ ኬንትሮስ 166 ዲግሪ ከ48 ደቂቃ መሆን ሲገባው 164 ዲግሪ ከ48 ደቂቃ ተብሎ ተጻፈ። በዚህ ስሕተት ምክንያት መስመሩ ከኤሬቡስ ተራራ ወደ ምዕራብ ርቆ፣ በረዶ በለበሰው የማክመርዶ ባሕረ ሰላጤ ላይ የሚያልፍ ሆነ። ከአንድ ዓመት በላይ እንዲሁ ኖረ። የአደጋው በረራ ካፒቴን ጂም ኮሊንስም ከጉዞው 19 ቀን በፊት ማብራሪያ የተሰጠው በዚሁ መስመር ነበር። ኅዳር 28 ቀን አውሮፕላኑ ሊነሳ ጥቂት ሰዓታት ሲቀሩት ግን የአየር መንገዱ የአሰሳ ክፍል ቁጥሩን አረመው፤ ለሠራተኞቹ ግን አልነገራቸውም። ሠራተኞቹ የተሰጣቸውን አኃዞች በጠዋት ወደ አውሮፕላኑ ኮምፒውተር አስገቡ፤ መስመራቸው ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምሥራቅ ተዛውሮ በቀጥታ ወደ 3,794 ሜትሩ ኤሬቡስ እያመራ ነበር። ነጩ ደመናና ነጩ በረዶ ተመሳስለው ተራራውን ደበቁት፤ 257 ሰዎች በሙሉ አለቁ።

በዚህ አደጋ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ መቆም ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ ከሚታሰበው ተቃራኒውን ያስተምራል። ሰዎቹን የገደላቸው ያረጀ መረጃ አይደለም። አሮጌው ቁጥር ስሕተት ሲሆን አዲሱ ትክክል ነበር፤ ግን ስሕተቱ ደኅና መንገድ ላይ ያሳልፋቸው ነበር፤ እርማቱ ደግሞ ሳያውቁት ወደ ተራራው ወሰዳቸው። በ1980 የወጣው የዋና መርማሪው ሪፖርት ጥፋቱን በዋናነት አብራሪዎቹ ዝቅ ብለው መብረራቸው ላይ ጣለ። በ1981 ደግሞ ዳኛ ፒተር መሃን የመሩት አጣሪ ኮሚሽን ዋናው ምክንያት መስመሩን ለውጦ ለሠራተኞቹ ሳይነግሩ መቅረት ነው አለ። ክርክሩ በኒው ዚላንድ ለረጅም ዓመታት ቀጥሏል፤ ዝቅ ብሎ መብረሩም ጥያቄ የማይነሳበት ውሳኔ አልነበረም። ይሁን እንጂ የመሃን ድምዳሜ የበለጠ ያሳምናል፤ አንድ አብራሪ ያልተነገረውን ለውጥ እንዲጠነቀቅ መጠየቅ አይቻልምና።

ዛሬ ኢንተርኔት እያለ ለምን 28 ቀን ይጠበቃል፤ ለውጥ እንደተፈጠረ ወዲያውኑ አይላክም ወይ ብሎ ለሚጠይቅ ከኤሬቡስ የተሻለ መልስ የለም። ያ እርማት የደረሰው ወዲያውኑ ነበር። አስቸኳይ ነገር ሲመጣ ለአብራሪዎች በአጭር ማስታወቂያ የሚገለጽበት መንገድ አለ፤ እሱም ሰው እንዲያነበው ታስቦ የሚጻፍ ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ በዝምታ የሚገባው ለውጥ ግን ለማረጋገጥ፣ ለማሠልጠንና ለማንበብ ጊዜ ይፈልጋል። የ28 ቀኑ ጊዜ በዋናነት ለዚህ የሚያገለግል ነው፤ ስለዚህም ፖስታ ቢፈጥንም አላጠረም።

ሳተላይቱ ወደ ሲቪል በረራ የመጣውም በሌላ አደጋ በኩል ነው። በ1983 መስከረም 1 ቀን የኮሪያ አየር መንገድ በረራ 007 ከመስመሩ ስቶ ሶቪየት ግዛት ላይ ገባና በተዋጊ ጄት ተመትቶ 269 ሰዎች ሞቱ። አውቶፓይለቱ ከአሰሳ ሥርዓቱ ጋር ሳይያያዝ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይበር ነበር። ፕሬዚዳንት ሬገን የአሜሪካ ጦር የሚሠራው ጂፒኤስ የተባለው የሳተላይት አሰሳ ሥርዓት ሲጠናቀቅ ለሲቪል በረራ ክፍት እንደሚሆን ያስታወቁት ከዚህ በኋላ ነው። ሥርዓቱ በ1995 ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ መዋሉ ታወጀ። በዚህ ጊዜ ከዚህ ቀደም ማንም ብዙም ያልተጨነቀበት ጉዳይ ተነሳ፦ አገሮች ካርታቸውን የሚሠሩበት የምድር ቅርጽ መነሻ የተለያየ ነው። በኢትዮጵያና በሱዳን የተለመደው አዲንዳን የሚባለው ነው፤ ያው አንድ ነጥብ በአዲንዳንና ሳተላይቱ በሚጠቀምበት ዓለም አቀፍ መነሻ ሲጻፍ ከመቶ ሜትር በላይ ይለያያል። ተራ መንገደኛ አይገነዘበውም፤ በደመና ውስጥ የ45 ሜትር ስፋት ያለውን ማኮብኮቢያ ለሚፈልግ አውሮፕላን ግን ከማኮብኮቢያው ውጭ መሆን ነው። ኢካኦ ከጥር 1998 ጀምሮ ሁሉም አገር ነጥቦቹን በአንድ መነሻ እንዲያወጣ አዘዘ። ሳተላይቱ ትክክል ስለሆነ ብቻ በምድር ያለው ሁሉ እንደገና መለካት ነበረበት።

ሳተላይቱ ሙሉ ሥራ በጀመረበት በዚያው ዓመት፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1995፣ የአሜሪካን ኤርላይንስ በረራ 965 ከማያሚ ተነስቶ ወደ ካሊ፣ ኮሎምቢያ በሌሊት እየወረደ ነበር። ተቆጣጣሪው ጊዜ የሚቆጥብ አቋራጭ አቀራረብ አቀረበላቸውና አብራሪዎቹ ተቀበሉ። በወረቀቱ ካርታ ላይ የሚቀጥለው የሬዲዮ ጣቢያ ሮዞ ሲሆን መለያው አር የሚለው ፊደል ነው። ፊደሉን ኮምፒውተሩ ላይ ጻፉና ከቀረበላቸው ዝርዝር የመጀመሪያውን መረጡ። ያ ግን ሮዞ አልነበረም፤ ቦጎታ አቅራቢያ ያለው ሮሜዮ የተባለ ጣቢያ ነበር። የሁለቱ መለያም ድግግሞሽም አንድ ነበር፤ በቋቱ ውስጥ ሮዞን ለማግኘት ሙሉ ስሙን መጻፍ ያስፈልግ ነበር፤ ይህን ደግሞ ወረቀቱ አይናገርም። ቦይንግ 757ቱ በጨለማ ወደ ምሥራቅ ታጠፈ፤ ስሕተቱ ታውቆ ሲመለሱ በመካከላቸው ተራራ ቆሞ ነበር። ከ163 ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች 4 ብቻ ተረፉ።

በካሊ የነበረው መረጃ ጊዜው ያለፈበት አልነበረም። ወረቀቱም የወቅቱ ነበር፤ ቋቱም እንዲሁ። ልዩነቱ በሁለቱ መካከል ነበር። በ2000 አንድ የማያሚ የፌዴራል ፍርድ ቤት ዳኞች ጉባኤ ኃላፊነቱን ሲያከፋፍል 75 በመቶውን ለአየር መንገዱ፣ 17 በመቶውን ቋቱን ላዘጋጀው ለጄፕሰን ኩባንያ፣ 8 በመቶውን ኮምፒውተሩን ለሠራው ለሃኒዌል ሰጠ። አብራሪዎቹ የታጠፉበትን ነጥብ ሳያረጋግጡ መቀበላቸው ጥፋት ነው፤ ያንን ማስተባበል አይቻልም። ሆኖም ጉባኤው ከአራት አንዱን እጅ ወደ መረጃ ሰሪዎቹ ማዞሩ ትልቅ ነገር ነበር፤ ከኮክፒት ርቆ ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ሰው ያስቀመጠው ፊደል ከአብራሪው እጅ እኩል ሊገድል እንደሚችል በሕግ ፊት ተነገረ። በ1998 የወጣው የአሰሳ መረጃ አዘገጃጀት ደረጃም ከአገሪቱ መንግሥት ጀምሮ መረጃ አዘጋጁ፣ ለየአውሮፕላኑ ዓይነት የሚያሽገው ኩባንያና አየር መንገዱ ድረስ እያንዳንዱ እጅ የተቀበለውን ሳያበላሽ ማስተላለፉን የሚያረጋግጥበትን መንገድ ደነገገ።

ሳተላይቱን ለመክሰስ ይህን የጻፍኩ የሚመስለው አንባቢ ይኖራል። አይደለም፤ ጠቀሜታውን የሚያሳይ ማስረጃ ከአዲስ አበባ አጠገብ አለ። መጋቢት 31 ቀን 2003 የብሪቲሽ ሜዲቴራኒያን ኤርባስ ኤ320 ወደ ቦሌ በደመና ውስጥ ሲቀርብ የሚመራበት የምድር ሬዲዮ ጣቢያ ተበላሽቶ የተሳሳተ አቅጣጫ ይልክ ነበር። የአውሮፕላኑ ኮምፒውተርም በዚያ ምልክት ተታለለ። አውሮፕላኑ ከመሬት በ56 ጫማ፣ ማለትም ከ20 ሜትር ባነሰ ከፍታ ላይ ኮረብታ አለፈ፤ ማንም አልሞተም። ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነና በተራራ በተከበበ ማረፊያ ከሰማይ የሚመጣ ነጻ ምልክት ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልግም። ነገር ግን ሳተላይት የምድሩን ጣቢያ ሲተካ አንድ ነገር አብሮ ይጠፋል። ከማኮብኮቢያው ጫፍ የሚላክ ጨረር ማኮብኮቢያው ባለበት ነው ያለው፤ አውሮፕላኑ ጨረሩን ከተከተለ የሚደርሰው እዚያ ነው። በሳተላይት የሚወርድ አውሮፕላን ግን የሚሄደው ቋቱ ውስጥ ወደ ተጻፉት አኃዞች ነው። አኃዞቹ ያለፈው ዓመት ከሆኑ ከምድር «ተሳስተሃል» የሚል ድምፅ የለም። ስለዚህ ሳተላይቱ በተሻሻለ ቁጥር የእድሳቱ ክብደት ይጨምራል።

ተራራ አይንቀሳቀስም፤ በየወሩ ገንዘብ መክፈል ለምን የሚሉ የትናንሽ አውሮፕላን ባለቤቶች አሉ። ተራራው አይንቀሳቀስም፤ ከአጠገቡ የሚቆመው የስልክ ማማ ግን ባለፈው ወር አልነበረም። ኮምፓሱ የሚያመለክተው የማግኔት ሰሜን እንኳ ይጓዛል፤ የፍሎሪዳው ታምፓ ማረፊያ በጥር 2011 የማኮብኮቢያዎቹን ቁጥር የቀየረው በዚህ ምክንያት ነው። የወጪው ቅሬታ ግን እውነት ያዘለ ነው፤ መመሪያዎቹም ያውቁታል። የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ጊዜው ባለፈ ቋት በረጅሙ ጉዞ ላይ መብረርን የሚፈቅደው አብራሪው እያንዳንዱን ነጥብ ከወቅቱ ሕትመት ጋር ካመሳከረ ብቻ ነው፤ ወደ ማረፊያ ለመውረድ ደግሞ ቋቱ የወቅቱ ካልሆነ የአቀራረቡ ሥርዓት አለመለወጡን ማረጋገጥ ይጠይቃል። ይኸው ባለሥልጣን የአገሩን የአቀራረብ መረጃ በአሪንክ 424 ኮድ በየ28 ቀኑ በነጻ ያወጣል። ሌሎች አገሮችም ይህን ቢያደርጉ ትክክል ይመስለኛል፤ መረጃው ሲጀመር በሕዝብ ሀብት የተለካ ነውና። በነጻ የወጣው መረጃ ለየኮምፒውተሩ ሲታሸግ ሥራ ስለሚጠይቅ ክፍያው ሙሉ በሙሉ አይቀርም፤ ቢሆንም ይቀንሳል።

ያለፉት ጥቂት ዓመታት ሰንሰለቱ ምን ያህል በጥቂት እጆች ላይ እንደቆመ አሳይተዋል። በኅዳር 2022 ጄፕሰን በኮምፒውተር ጥቃት ተመትቶ ለአብራሪዎች የሚላኩ ማስታወቂያዎች ተስተጓጎሉ። በጥር 2023 አሜሪካ ለአብራሪዎች የምትልካቸው ማስታወቂያዎች ሥርዓት በፋይል ስሕተት ወድቆ የአገሪቱ መነሻ በረራዎች ለተወሰነ ጊዜ ቆሙ። በ1934 በአሥር ዶላር ይሸጥ የነበረው ደብተር የወለደው ድርጅት ከሌሎች የዲጂታል አገልግሎቶች ጋር ተጠቃሎ በ10.55 ቢሊዮን ዶላር እንደሚሸጥ ባለቤቱ ቦይንግ ያስታወቀው በሚያዝያ 2025 ነው። ከ2023 መስከረም ወዲህ ደግሞ በመካከለኛው ምሥራቅ ሰማይ የሐሰት የጂፒኤስ ምልክት አውሮፕላኖችን ከቦታቸው ሌላ ቦታ ያሉ አስመስሎ ሲያታልል ቆይቷል። ዛሬ አደጋው ከሳተላይቱ እንጂ ከመረጃው አይመጣም የሚሉ ሰዎች መነሻቸው ይህ ነው። ሆኖም አብራሪው ጂፒኤሱን ዘግቶ ወደ ምድር ጣቢያዎች ሲመለስ የእነዚያን ጣቢያዎች ቦታ ኮምፒውተሩ የሚያነበው ከዚያው ቋት ነው። ጣቢያው ከተዛወረ ወይም ከተዘጋና ቋቱ ካልሰማ፣ ማምለጫው ራሱ ስሕተት ይሆናል።

ዛሬ በአብዛኛው ትልልቅ አውሮፕላን ኮምፒውተር ውስጥ ሁለት ዙሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ያለንበትና የሚቀጥለው። ቴክኒሻኑ ቀድሞ ይጭናቸዋል፤ በአንዳንድ የቆዩ ቦይንግ 747-400 አውሮፕላኖች እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በፍሎፒ ዲስክ ነበር። ለውጡ በሚገባበት ሐሙስ አብራሪው ሞተር ከማስነሳቱ በፊት የመለያውን ገጽ ይከፍታል፤ ቀኖቹን ያነባል፤ ያለፈውን ዙር አውርዶ የወቅቱን ያነሳል። ከዚያ የሚወርድበትን አቀራረብ ከቋቱ ጠርቶ ነጥብ በነጥብ፣ ከፍታ በከፍታ ከካርታው ጋር ያመሳክራል፤ ረዳቱም ያንኑ ከራሱ ካርታ ያነብለታል፤ አንዱ አኃዝ ካልተገጣጠመ ያንን አቀራረብ አይበሩትም።